ፊት የማያለሰልስ

ሻርጃ። አርብ ከሰዓት። ሮላን ሰው ሞልቶታል፤
በነሐሴው ወበቅ መስታወቱን አልቦታል።
በመዳፌ ጠርጌ ወደ ሱቁ አየሁ፣
የአምስት ወር ቁጣቢ በመሐረብ ጫፍ ቋጥሬ መጥቻለሁ።

ባለሱቁ ሻጂ፣ ከኬረላ የመጣ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ከስልኮች ሬሳ መሐል አንገቱን አወጣ።
«ምን ፈለግሽ፣ እህቴ?» አለኝ፣ በዚያ በሁላችን ዐረብኛ፣
ግሡ ስብርብር ባለ፣ ግን በማይጥል መንገደኛ።

«ካሜራ» አልኩት። «ትንሽ። ኪስ የምትገባ።
አንድ ቁልፍ ያላት። ስጫናት የምታይ። ሌላ ጣጣ ውስጥ የማታስገባ።»

ከላይ አወረደልኝ፣ ትልቁን፣ ጥቁሩን፣
መድፍ የመሰለ አፍንጫ ያለውን፤
«ይሄ ጨረቃን ያመጣል» አለ፣ «ከሰማይ።»
እኔ ጨረቃን ምን ላድርጋት? የሰው ቤት ጣሪያ ላይ
ልብስ ሳሰጣ በየማታው የማያት አይደለችም ወይ?

አወረደ ሌላ፣ ሮዝ፣ እንደ ከረሜላ፣
ሽበት፣ ብጉር፣ ሽብሽብ፣ ሁሉን የምትበላ።
«እሷማ» አልኩት «አለችኝ፣ ውስጥ ናት ከስልኬ፤
አራት ዓመት ሙሉ ተበላ መልኬ።»

እንዴት ብዬ ላስረዳው፣ በየትኛው ግሥ፣
ስልኩ ሲያነሳኝ ቆዳዬን እንደሚተኩስ?
የማዳምን ዓባያ እኔ እንደምተኩሰው፣
እሱም ግንባሬን አለሳልሶ፣ አጥፎ፣ ለአገር ቤት እንደሚልከው?
እማዬ ደጀን ሆና፣ በጎረቤት ልጅ ስልክ አይታኝ፣
«ዐረብ አገር ተስማማሽ፣ ልጅ ሆነሻል» ብላኝ፣
እሷ ደስ ብሏት ስትስቅ፣ እዚህ ማዶ እኔን
የካውያው ጠባሳ ክንዴን በላኝ።

እንድታዝንልኝ አይደለም። ላስለቅሳትም አይደለም።
ግን ያ ፊት የኔ ካልሆነ፣ ስመለስ በር የሚከፍትልኝ የለም።

«ጥራት» አልኩት በመጨረሻ፣ ቃሉን ከሦስት ቋንቋ ለቅሜ፣
ክንዴን እያሳየሁት፣ ከባንኮኒው ፊት ቆሜ።

ዝም ብሎ አየኝ። ጎንበስ አለ። ከታች፣ ከመሳቢያው ሥር
አንድ አሮጌ አወጣ፤ ብርማ፣ ጠርዟ የተላጠ፣ ከሳሙና የማትበልጥ ስትወዳደር።
«ሜጋፒክስሏ ትንሽ ነው» አለኝ፣ «ብዙ አትቆጥርም፤
መስታወቷ ግን ጥሩ ነው። ያላየችውን አትናገርም።»

«መብራቱን አጥፋልኝ» አልኩት። «ኧረ ለምን?»
«የምኖርበት ክፍል አምፖሉ አንድ ነው፤ እዚያ ታይ እንደሆን ልየዋ አሁን።»
አጠፋው። ጨለም አለ። ባንኮኒው ላይ ያረፈ እጁን ፎቶ አነሳሁት፣
ከነሻይ ብርጭቆው፣ ከነብሎኖቹ። ተጠጋግተን አየነው በትንሿ መስኮት።
ሁሉም አለ። የጥፍሩ ሥር እድፍ። ብርጭቆው ጠርዝ ላይ የከንፈሩ አሻራ።
አውራ ጣቱ ላይ በብየዳ የተላጠ ቦታ፣ እንደ ሳንቲም የጠራ።
ሻጂ አየው። እኔም አየሁት። ምንም አላልንም።
እጁን ኪሱ ከተተ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ዋጋ ብዙ አልተከራከርንም።

ዘምዘም አነሳችኝ፣ ባሕሩ ዳር፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፤
«ሳቂ» አለችኝ፤ እንዲሁ ይበቃኛል አልኩ፣ ሳልስቅ።
ያየሁትን አልወደድኩትም። መሰረዣውን ነካሁ፣ ተውኩ።
ከዓይኔ ጥግ የተሰመሩ፣ ከአፌ ዳር የወረዱ፤ ከየት እንዳመጣኋቸው አላወቅኩ።
በወረቀት አሳጥቤ አገር በሚገባ ሰው ላክኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ደወልኩ። «ደርሷል» አለች እማዬ። ዝም አለች።
ወረቀቱን ስታገላብጥ፣ ወደ በሩ ብርሃን ስታስጠጋ ትሰማለች።
«ብቻ» አለች «አልገባኝም። እንዲህ ያለ ቀሚስ እኔ የለኝ፣
ባሕርም አይቼ አላውቅ። ልጄ፣ መቼ ነው ያነሳሽኝ?»